የመታወቂያ ኮፒያችን የት ነው የሚገባው?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ደሴ ፒያሳ ላይ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት የምሠራባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ስለ ዲጂታል መብት ሲወራ የሚነሳው ፌስቡክና የኔት መዘጋት ነው። ይነሳ፤ ኔት ሲጠፋ ኑሮ ምን እንደሚሆን እኛ እዚህ በደንብ እናውቀዋለን። የእኔ ነገር ግን በጠረጴዛዬ ላይ ስለሚያልፈው ወረቀት ነው።

ባንኩም፣ ቀጣሪውም፣ ቀበሌውም «የፋይዳ መታወቂያ ኮፒ አምጡ» ይላል። ሰዉ በቴሌግራም ይልክልኛል፣ አትሜ እሰጣለሁ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። ምስሉ እኔው ጋ ይቀራል። ማታ ሳልዘጋ አጠፋዋለሁ፤ አጥፊ ያለኝ፣ አጠፋሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። ሰኞ ገበያ የሚወጡ አባቶችማ ስልካቸውን ሰጥተውኝ የቴሌብር ሚስጥር ቁጥራቸውን ተራ የያዘው ሁሉ እየሰማ ይነግሩኛል። «አባባ፣ ይሄ ለልጅም አይነገርም» ስላቸው «አብሽሪ ልጄ፣ ምን አለኝና!» ይሉኛል።

ባለፈው መናኸሪያ አካባቢ ኦቾሎኒ ገዛሁ። መጠቅለያውን ስፈታው የአንዲት ልጅ መታወቂያ ኮፒ ነው። ፎቶዋ፣ ስሟ እስከ አያቷ፣ የትውልድ ቀኗ፣ በእስክሪብቶ የተጻፈ ስልኳ፣ ሁሉም ይነበባል። ጥጉ ላይ የ«ገቢ» ማኅተም አርፎበታል። እንግዲህ ከኮፒ ቤት የተጣለ ብላሽ አይደለም፤ ከመሥሪያ ቤት ፋይል ወጥቶ የተሸጠ ነው። ከዚያ ሌባ ደውሎ በሙሉ ስማችን ጠርቶ «ከባንክ ነው» ሲለን ከየት አወቀን እንላለን።

ሕጉ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ይላል። በመጋቢት 2016 የጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ፣ በሚያስፈልገው ልክ እንዲያዝ ያዛል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እኛ ሰፈር ግን አዋጁን ይዞ የመጣ ሰው አላየሁም።

መጀመሪያ፣ ፋይዳን በስልክ በሚላክ ኮድ ማረጋገጥ እየተቻለ ኮፒ ለምን ይከመራል? አይቶ መመለስ ምን ይጎዳል? ኮፒው ቢቀር ገበያዬ ይቀንሳል፤ ይቀንስ። የግድ ኮፒ ያስፈልጋል የሚል መሥሪያ ቤት ደግሞ እስከ መቼ እንደሚያስቀምጠውና እንዴት እንደሚያስወግደው ግድግዳው ላይ ይለጥፍ። ለእኛ ለኮፒ ቤቶችም በአንድ ገጽ የሚያልቅ መመሪያ ይሰጠን፤ የማይፈጽም ይቀጣ፣ እኔንም ጨምሮ። አቤቱታ የሚቀበል ሰውም እዚሁ ደሴ ይመደብ። ያቺ ልጅ ለአንድ ቅጠል ወረቀት ብላ፣ በዚህ የመንገድ ሁኔታ፣ አዲስ አበባ ድረስ ትሂድ?

የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት፣ ከደሴ