የሴቶቹስ ምናብ የት ሄደ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን የጥበብ ገጻችሁ ላይ ስለ ሳይንሳዊ ልብወለድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ደስ ብሎኛል። ግን ከጠቀሳችኋቸው ደራሲዎች መካከል አንዲትም ሴት የለችም። ይሄ ከነከነኝና ልጽፍላችሁ ተነሳሁ።

እንግሊዛዊቷን ደራሲ ሜሪ ሼሊን መዝለል እንዴት ይቻላል? «ፍራንከንስታይን»ን መጻፍ ስትጀምር 18 ዓመቷ ነበር። ብዙዎች የዘርፉ መነሻ የሚሉት እሱኑ መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1818 ሲታተም ግን ስሟ አልነበረበትም፤ ባሏ የጻፈው የመሰላቸውም ነበሩ። ነገሩ ቶሎም አልተለወጠም። አሜሪካዊቷ አሊስ ሼልደን ጄምስ ቲፕትሪ በሚል የወንድ ስም ለዓመታት ስትጽፍ፣ አንድ ስመ ጥር ደራሲ ለመጽሐፏ ባዘጋጀው መግቢያ ጸሐፊው ወንድ ለመሆኑ አልጠራጠርም ብሎላት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ሴት መሆኗ ታወቀ።

እኔ አብልጬ የምወደው አሜሪካዊቷን ደራሲ ኦክታቪያ በትለርን ነው። እናቷ ሰው ቤት እየሠራች አሳደገቻት። እሷም ያገኘችውን ሥራ እየሠራች ሌሊት ተነስታ ትጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 በታተመው «ኪንድረድ» በተሰኘው ልብወለዷ፣ ካሊፎርኒያ የምትኖር ጥቁር ሴት ከዘመኗ ድንገት እየተነጠቀች ቅድመ አያቶቿ በባርነት ወደኖሩበት ዘመን ትወሰዳለች። በምን ኃይል እንደምትሄድ አይነገረንም፤ አያስፈልግምም። ስታነቡት ባርነት የድሮ ታሪክ መሆኑ ይቀርና በራሳችሁ ገላ ላይ የሚደርስ ይሆናል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው የሚል ሰው ቢያነበው ሐሳቡን ይቀይር ነበር። ሌላዋ አሜሪካዊት ደራሲ ኤን ኬ ጀሚሲን ደግሞ ሁጎ የተባለውን ታላቅ የሳይንሳዊና ምናባዊ ልብወለድ ሽልማት እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 ሦስት ዓመት በተከታታይ ወስዳለች። ከእሷ በፊት ይህን ያደረገ ወንድም ሴትም አልነበረም።

የናይጄሪያ ወላጆች ልጅ የሆነችው ነዲ ኦኮራፎርም አለች። «ቢንቲ» የምትባለው ገጸ ባሕርይዋ በናሚቢያ የሚኖረው የሂምባ ሕዝብ ልጅ ናት። ቀይ አፈርና ቅባት ፀጉሯን ተቀብታ ከምድር ውጭ ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለች። ፀጉራቸውን ቅቤ ተቀብተው ትምህርት ቤት የሚመጡ የእኛ ልጆች ይህችን ልጅ ለማወቅ ማንም አያስረዳቸውም።

እኛ ጎጃም ያለን ሰዎች ደግሞ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለንም። ክረምት ላይ ምድጃ ዳር ሰው ጅብ ሲሆን፣ ወንዝ ሲናገር እየሰማን ነው ያደግነው፤ ነጋሪዎቻችንም በአብዛኛው አያቶቻችን ናቸው። ዓይነ ስውሯ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስም የዚሁ አገር ልጅ ናቸው። ቅኔ የትናንቱን መድገም አይወድም፤ ሁልጊዜ አዲስ መፍጠር ይጠይቃል። ይህን ያስተማሩ ሴት ካሉን፣ ሴት ልጅ አዲስ ዓለም ፈጥራ መጻፏ ምን ይገርማል?

እኔ አማርኛ አስተምራለሁ። አንዲት ተማሪዬ ጣና ላይ እምቦጭ የሚያጭዱ፣ ከዓሣ አጥማጆች ጋር የሚከራከሩ ጀልባዎችን ጽፋለች። ጀልባዎቹ ሐይቁ የማን ነው ብለው ይጠይቃሉ። ሌላዋ ደግሞ ግሽ ዓባይ ምንጩ ሕልም የሚያይበትን ዘመን ጽፋለች። ደብተር ውስጥ መቅረት የለባቸውም።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ከላይ ስለጠቀስኳቸው ሴቶች አንድ ሰፊ ጽሑፍ አውጡ። በወር አንድ ገጽ ደግሞ ለሴት ተማሪዎች ምናባዊ ታሪክ ክፈቱ። ልጆቹና ወላጆቻቸው ከፈቀዱልኝ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ታሪኮች እኔ እልካለሁ።

የአማርኛ መምህርት፣ ከደብረ ማርቆስ