እማወራ አይደለሁም፣ ልጄ ግን የኔው ነች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለጋዜጣ ስፅፍ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው፣ ይሄንንም ልጄን አስተኝቼ በስልኬ ነው የምጎረጉረው፣ ስለዚ ፊደል ብገድፍ አስተካክሉልኝ። ጋዜጣችሁን አራት ኪሎ ጋዜጣ አከራዮቹ ጋ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አነባለሁ፣ ድሮ ለክፍት የስራ ቦታ ነበር፣ አሁን ደብዳቤዎቹንም አልዘልም፣ እና የሰው ብሶት ሲወጣ ሳይ የኔስ ምን ያንሳል ብዬ ነው።

ልጄ 4 ዓመት ከ7 ወሯ ነው። እናቷ ዓረብ አገር ከሄደች 3 ዓመት ሊሞላት ነው። መጀመሪያ በየሳምንቱ ትደውል ነበር፣ ስታገኝም ትልክ ነበር፣ ከዛ በወር አንዴ ሆነ፣ ካለፈው ዓመት ጥምቀት ወዲህ ግን ስልኩም አይሰራ፣ ሰውም አየኋት አይል። አልፈርድባትም፣ ምን እንደገጠማት እግዜር ነው የሚያውቀው፣ ይሄን ደብዳቤ እሷን ለመውቀስ እንዳታደርጉብኝ።

እኔ የታክሲ ረዳት ነበርኩ። ታክሲ ደሞ ከለሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ካልወጣ ስራ አይባልም፣ ያኔ ልጄን የእናቷ አክስት ካዛንቺስ ቤታቸው ወስደው ያሳድሩልኝ ስለነበር ችግሩ አልታወቀኝም። በ2017 ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲነሳ አክስትየዋ ከተማው ዳር ገላን ጉራ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ደስ አለን፣ የራሳቸው ሽንት ቤት፣ የራሳቸው ቧንቧ፣ ግን ከፒያሳ ገላን ጉራ ልጅ አድርሼ 11 ተኩል ታክሲ ላይ ልገኝ ብል በሄሊኮፕተርም አይሆንም። ረዳትነቱን ተውኩት። አሁን ፒያሳ ሱቆች ጋ ዕቃ አወርዳለሁ፣ እጭናለሁ፣ ይኸውም እሷ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ጀምሬ 9 ሰዓት ላይ ላወጣት ስለምሮጥ ጠዋት የሚገባው ዕቃ ለሌላ ልጅ ነው፣ ማታ የሚገባውም ለሌላ ልጅ ነው። የቤት ኪራይ ግን ግማሽ ቀን ነው የሰራኸው ብሎ በግማሽ አይቀበለኝም።

ወረዳ ሂድ ያሉኝ የዕድራችን ሊቀመንበር ናቸው፣ ሴፍቲኔት አለ አይደል ምን ትጠብቃለህ አሉኝ። ሴፍቲኔትን ያው ታውቁታላችሁ፣ በ2009 አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው ነው፣ ጉልበት ያለው በጠዋት ወጥቶ መንገድ ያፀዳል ችግኝ ይንከባከባል፣ ከሚከፈለው ላይም 20 በመቶ ይቆጠብለታል፣ አዛውንት፣ አካል ጉዳተኛ፣ የማይድን በሽታ ያለበት ደሞ ሳይሰራ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጠዋል። ጎረቤቴ በዛች ቁጠባ የእንጀራ ምጣድ ገዝታ ዛሬ ለሶስት ምግብ ቤት ታስረክባለች፣ ስለዚ ፕሮግራሙ ወሬ ነው አልልም፣ በአይኔ አይቻለሁ።

ወረዳ ስደርስ የተላክሁበት በር ላይ የተለጠፈው ስም በ«ሴቶች» ይጀምራል፣ በ«ህፃናት» ይቀጥላል። ልጄን ይዤ ስገባ አንዷ ሰራተኛ ቀና ብላ «እናትየው ውጪ ናት?» አለችኝ። አዎ ውጪ ናት አልኳት፣ ውጪ አገር ማለቴ ነበር፣ እሷ ደሞ ኮሪደሩ ላይ መስሏት «ጥሯታ» አለችኝ። እንዲህ ነው የተጀመረው።

ፎርሙ ላይ እማወራ ወይም አባወራ የሚል አለ። እማወራ ማለት ብቻዋን ቤት የምታስተዳድር እናት ነች፣ ለሷ ቅድሚያ አለ፣ ይገባታልም። አባወራ ሲባል ግን ሁሉም ሰው የሚገባው ሚስት ያለው ሰው ነው፣ ሚስቱ ቤት ሆና ልጅ የምትይዝለት። ብቻውን ልጅ ለሚያሳድግ ወንድ በአማርኛችን ስም የለውም እኮ! «እንደ እናትም እንደ አባትም ሆኖ አሳደጋት» ይባላል ለቀብር ጊዜ የህይወት ታሪክ ሲነበብ፣ በህይወት እያለህ ግን አባወራ ላይ ምልክት አድርገህ ታልፋለህ፣ ቀጥሎ «የትዳር ጓደኛ ስም» ይልሃል።

ከዛ ጉልበት አለህ፣ የአካባቢ ልማት ስራው ላይ እናስገባህ አሉኝ፣ ደግ አሳብ ነው፣ መጥረጊያ መያዝ አላፍርም። ግን ስራው በማለዳ ነው። ልጄ የምትነሳው 12 ተኩል ነው፣ በር ቆልፌባት ልሂድ? ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከስራው ለጊዜው አርፋ ክፍያው እንደማይቋረጥባት ሰምቼ ስለነበር ለኔም እንደዛ ያለ ነገር ካለ ብዬ ጠየቅኩ። ሰውየው ከላይ እስከ ታች አየኝና «ታጠባለህ እንዴ?» አለኝ። ክፍሉ ሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ምን አደርጋለሁ፣ ልጄም ሰው ሲስቅ አይታ ሳቀች።

ዋናው ግን ወረቀቱ ነው። ብቻህን እንደምታሳድግ ማስረጃ አምጣ ተባልኩ፣ ይኸውም ከሶስቱ አንዱ፣ የእናትየው የሞት ምስክር ወረቀት፣ ወይ የፍቺ ወረቀት፣ ወይ ከሷ የተላከ ውክልና። አልሞተችም፣ እንዳትሞትብኝም እፀልያለሁ። ፍቺ እንዳላመጣ ጋብቻችን ክብር መዝገብ አልገባም፣ ሽማግሌ ልኬ፣ ቡና ተፈልቶ፣ በቃ አብረን ገባን። ውክልና ደሞ ስልኳን ለዘጋች ሴት በየት በኩል ነው የሚጠየቀው? ፍርድ ቤት አጥር ስር ያለ ማመልከቻ ፃፊ ጋ ሄጄ ሳዋየው አንድ ነገር ነገረኝ፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ ሰው ወሬው ሳይሰማ 2 ዓመት ካለፈ ፍርድ ቤቱ ስለመጥፋቱ እንዲወስን ማመልከት ይቻላል። የኔዋ ደሞ ገና 2 ዓመት አልሞላትም። «ትንሽ ጠብቅ» አለኝ ሰውየው፣ እንደ ምክር። የልጅ ሆድ ነው እኮ ጠብቅ የሚባለው! የቤተሰብ ህጉም አዋጅ 213/1992 ከወላጆች አንዱ ሲሞት ወይ ችሎታ ሲያጣ ሌላው ብቻውን አሳዳሪና ሞግዚት ይሆናል ይላል፣ የጠፋች እናት ግን መሃል ላይ ነች፣ የሞተችም አይደለች፣ ያለችም አይደለች።

አምስት ወር ተመላለስኩ። አንዴ ሲስተም የለም፣ አንዴ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ አንዴ መስክ ወጥተዋል፣ አንዴ ፋይሉ ከመዝገብ ቤት አልወጣም። አንድ ቀን ልጄ ተሰላችታ እጇን በመስኮቱ አስገባች፣ ማህተም ሲመታ ስታይ ቆይታ እኔንም ምቱኝ ማለቷ ነው። መስኮቱ ጋ ያለችው ሰራተኛ (ጥሩ ልጅ ነች፣ ከሁሉም እሷ ትሻላለች) የቀኑን ማህተም አንስታ በስሱ መዳፏ ላይ መታችላት። ልጄ ማታ እጇን አላስታጥብም ብላ አለቀሰች፣ በግራ እጄ ነው የምበላው አለችኝ፣ ሽሮ በግራ እጇ በላች። እስካሁን ከዛ ቢሮ ያገኘነው ማህተም እሱ ብቻ ነው።

አሁን ይሄን ልበል። ከ2012 ጀምሮ በከተማችን የመንግስት ትምህርት ቤቶች የተማሪ ምገባ አለ፣ ዩኒፎርምና ደብተርም ይሰጣል። ልጄ ኬጂ ስትገባ ቁርሷንም ምሳዋንም እዛው በላች። እናትሽ የት ናት ያላት የለም፣ አባትሽ ጉልበት አለው ወይ ያላት የለም፣ ተማሪ ነሽ፣ ቁጭ በይ፣ ብይ፣ በቃ። ለሶስት ወር ያህል ቀን ቀን ስለሆዷ ሳላስብ ዕቃ ያወረድኩት በዚህ ነው፣ ያበሉልኝን እናቶች እግዜር ይስጣቸው። ለልጅ በልጅነቷ የሚሰጠው ነገር ደረሰን፣ በወላጅ ሁኔታ ተጣርቶ የሚሰጠው ግን እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ። ደሞ ክረምት መጣ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ያቺ ቁርስና ምሳ ተመልሳ ወደኔ ነው የመጣችው።

ወንድ ስለሆንኩ ይዘንልኝ አላልኩም። ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ከኔ በብዙ እጥፍ ይበዛሉ፣ መከራቸውም ይበልጣል፣ ወረፋቸውን ልቀማ አልመጣሁም። ደሞ ወንዱ ራሱም ጥፋት አለበት፣ ጥሎ የሚሄደው አባት ስለበዛ ነው ይዞ የቀረውን የሚያምነው የጠፋው። እኔ ስገባ ሁሉም የሚያየኝ እናትየውን አባሮ ገንዘብ ፍለጋ የመጣ አድርጎ ነው፣ አንዷማ «እናትህ ጋ ለምን አትወስዳትም» አለችኝ፣ እናቴ ጎጃም ናት፣ ሰባ ዓመት አልፏታል፣ እሷም ሰው ትፈልጋለች። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011ም ቢሆን እናት ስትወልድ 120 ቀን፣ አባት 3 ቀን ነው የሚያርፈው፣ አባት ልጅ ሊያይ እንጂ ልጅ ሊይዝ ይችላል ብሎ ያሰበ ያለ አይመስልም።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ሴፍቲኔት ውስጥ ማን ደሃ ነው የሚለውን የሚለየው የሰፈር ኮሚቴ ነው፣ ስም ተለጥፎ ቅሬታ ይሰማል፣ ማለትም የጎረቤት ቃል ይታመናል። ታዲያ ድህነቴን የሚመሰክር ጎረቤት ብቻዬን ማሳደጌን ለምን አይመሰክርም? ሹሩባ መስራት ያስተማረችኝ የታችኛዋ በር ጎረቤቴ ናት፣ መጀመሪያ ቀን የሰራሁላትን አይታ «ይሄ ገመድ ነው ወይስ ፀጉር» ብላ ፈትታ እንደገና ያሳየችኝ፣ እሷን ጠርተው ይጠይቋት። የዕድሩ ሊቀመንበር ይፈርማሉ፣ የልጄ መምህርት ትፈርማለች፣ ሶስት ምስክር። ወረቀት ሲገኝ ይገባል፣ ካልዋሸሁ ምን ይጎድላል፣ ከዋሸሁም ይክሰሱኝ። ጠዋት መጥረጉንም ቢሆን ልጅ የሚቀበል ማቆያ ካለ ከነገ ጀምሮ እገባለሁ፣ ወይ ደሞ ፈረቃው ከረፋዱ 3 ሰዓት ይሁንልኝ፣ መንገዱ እንደሆነ 3 ሰዓትም ይቆሽሻል።

እንደኔ ያላችሁ አባቶች ካላችሁ በዚሁ ገፅ ፃፉ፣ ቢያንስ ስንት እንደሆንን እንተዋወቅ።

ስሜንና የወረዳዬን ቁጥር ግን አደራ አታውጡብኝ፣ ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ፣ የምመለሰው እዛው መስኮት ጋ ነው።

ከፒያሳ አካባቢ