ነፋሱ የቆመ ዕለት

ኮፐንሃገን፣ ዴንማርክ

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እናቴና ታናናሾቼስ እንዴት ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ ስንነጋገር «ነፋሱ የቆመ ዕለት መብራቱ ከየት ይመጣል?» ብለው ጠይቀውኝ መልሱን ሳልጨርስ መስመሩ ተቋረጠ። ዓመቱን ሙሉ የተማርሁት ሁሉ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ የሚሽከረከር በመሆኑ፣ በደብዳቤ ረጋ ብዬ ላስረዳዎ ወደድሁ።

ዴንማርክ ሜዳማ አገር ናት። ከፍተኛው የተፈጥሮ ጉብታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 171 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚነሣ፣ ውኃ ገድባ ብዙ ኃይል ላመንጭ ብትል መሬቱ አይፈቅድላትም፤ በአንጻሩ ከሰሜን ባሕር የሚመጣው የምዕራብ ነፋስ የሚገታው ተራራ ሳያገኝ አገሩን አቋርጦ ያልፋል። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚሸከመው ኃይል ስምንት እጥፍ ስለሚሆን፣ ተርባይን፣ ማለት በነፋስ እየዞረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው መሣሪያ፣ የሚተከልበትን ቦታ መምረጥ ምን ያህል የጂኦግራፊ ባለሙያ ሥራ እንደ ሆነ የተረዳሁት እዚህ ነው። ዛሬ አገሪቱ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ግማሽ ያህሉ ከነፋስ ይገኛል።

በታኅሣሥ ፀሐይ ከቀኑ በ9 ሰዓት ተኩል ገደማ ስትጠልቅ ልቤ እጅግ ይከፋ ነበር። በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋልሁ፤ ፀሐይ የምትደክምበት ያ ወቅት ነፋሱ የሚበረታበት ነው፤ ነፋሱ በሚለዝብበት በበጋቸው ደግሞ የፀሐይ ኃይል ይተካዋል። ይሁን እንጂ ሁለቱም በአንድነት የሚጠፉባቸው ቀናት አሉ፤ የእርስዎ ጥያቄም የሚያርፈው በእነዚህ ቀናት ላይ ነው።

የመልሱ ትልቅ ክፍል ያለው ከባሕሩ ማዶ፣ በኖርዌይ ተራሮች ላይ ነው። ሁለቱን አገሮች ከ1970ዎቹ ጀምሮ በባሕር ወለል ላይ የተዘረጋ የኃይል ገመድ ያገናኛቸዋል። በዴንማርክ ነፋሱ ሲበረታ ኖርዌይ የተረፈውን ኤሌክትሪክ ትገዛና ውኃዋን በግድቧ ታቆያለች፤ ነፋሱ ሲቆም ደግሞ ያንኑ ውኃ ለቅቃ የምታመነጨውን ትልካለች። ከዚህ ሌላ እንጨትና ገለባ የሚያነድዱ ጣቢያዎችም አሉ፤ ነገር ግን ከሩቅ አገር በመርከብ ተጭኖ የመጣን እንጨት አንድዶ ታዳሽ ኃይል ነው ማለት እኔን አያሳምነኝም።

በሚያዝያ ለመስክ ጥናት ሳምሶ ወደምትባል ደሴት ተጉዘን ነበር። ነዋሪዎቿ ከ4,000 አይበልጡም። በ1997፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ መንግሥት ባዘጋጀው ውድድር አሸንፋ በ10 ዓመት ውስጥ በታዳሽ ኃይል ራሷን ለመቻል ተነሣች፤ በየብስ 11፣ በባሕር 10 ተርባይኖች ተተከሉ። የተረፋትን ኤሌክትሪክ ወደ ዋናው ምድር ትልካለች፤ ነፋሱ ሲቆምም በዚያው ገመድ ትቀበላለች። ከቁጥሩ ይልቅ የገረመኝ ግን የባለቤትነቱ ጉዳይ ነው። ከተርባይኖቹ አንዳንዶቹ የገበሬዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹን ነዋሪዎች ገንዘብ አዋጥተው ድርሻ ገዝተውባቸዋል፤ በባሕር ከተተከሉት 5ቱ ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ ናቸው። አንድ አዛውንት ገበሬ ከቤታቸው ደጃፍ የሚታየውን ተርባይን በእጃቸው እያመለከቱ፣ ጠዋት ሲነሡ መጀመሪያ የሚያዩት ከብቶቻቸውን ሳይሆን እርሱ መዞር አለመዞሩን እንደ ሆነ ነገሩን። ነፋሱ ምንም ያህል ቢበረታ፣ በሰው ማሳ አጠገብ የሚተከለው ነገር ለዚያ ሰው ምንም የማያስገኝለት ቢሆን ኖሮ ሥራው ከወረቀት ባላለፈ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፌንም በዚሁ ላይ ለመሥራት ወስኛለሁ።

በሚቀጥለው ወር የኖርዌይን ግድቦች ለማየት እንሄዳለን። ውኃው የቆመበትንም የተለቀቀበትንም ፎቶግራፍ አንሥቼ እልክልዎታለሁ። እናቴን በእኔ ስም እቀፉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ