ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፦ «ክኒኑን ይተዉት» የሚሉትን አስቁሙልን

ለተከበራችሁ የባለሥልጣኑ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ጉዳዩ የእኔ ቤት ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ነው።

እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ደም ግፊት እንዳለባት ካወቀች 11 ዓመት ሆኗታል። ጠዋት አምሎዲፒን፣ ማታ ኢናላፕሪል ትወስዳለች። ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ቡና እየቀዳች ሲኒው ከእጇ ወደቀ። «ምን ሆንሽ?» ስላት አፏ ተንጋደደ፣ ቃሉ አልወጣ አለ። ይዘናት በረርን። ሲለካ ግፊቷ 210 በ120 ነበር። ስትሮክ ነው አሉን።

ሐኪሙ «መድኃኒት አቋርጣለች?» ብሎ ጠየቀኝ። «በፍጹም፣ እናቴ ክኒኗን አትረሳም» አልኩት።

ክኒኖቿን ላመጣ ቤት ሄድኩ። የምታስቀምጣቸው ቡፌው ላይ፣ በድሮ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ከፈትኩት። የወሩ ክኒን እንዳለ ተቀምጧል፤ አንድም አልተነካም። ከቆርቆሮው አጠገብ አንድ ነጭ ጠርሙስ ቆሟል። ላዩ ላይ ቀይ ልብ ተስሏል። ጽሑፉ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም።

ነገሩን የሰማሁት እሷ ከተሻላት በኋላ ነው። ጎረቤቷ ቲክቶክ ላይ አይታው፣ በቴሌግራም አዝዛ፣ አንዳንድ ጠርሙስ ገዙ። አንዱ 4,200 ብር። ሻጩ በስልክ «ማዘር፣ ይሄ የተፈጥሮ ነው፣ ምንም ጉዳት የለውም። እሱን ከጀመሩ የግፊቱን ክኒን ይተዉት፣ ኩላሊት ይጎዳል» አላት። እናቴ የእህቷን ልጅ በኩላሊት ሕመም ቀብራለች። ኩላሊት የሚለውን ቃል ስትሰማ ደነገጠች። ተወችው። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ኩላሊትን የሚጎዳው በቁጥጥር ስር ያልዋለ የደም ግፊት ነው።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፋለች። ንግግሯም ተመልሷል። ግን ጥጥ ፈታይ ነበረች። የእኔን የሠርግ ጋቢ የፈተለችው እሷ ናት። አሁን እንዝርቱ ጣቷ ላይ አልዞር አለ። አንዳንዴ ታነሳውና ትንሽ ሞክራ መልሳ ታስቀምጠዋለች።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ እኔ የተፈጥሮ ነገር ጠላት አይደለሁም። እንዲያውም ስለ ልብ ጤና ከሚነገረው ብዙው ጥሩ ነገር የእኛው ጓዳ ውስጥ አለ። ገብስን ውሰዱ። በውስጡ ቤታ ግሉካን የሚባል የሚሟሟ አሰር (ፋይበር) አለው፤ በቀን 3 ግራም ያህል ሲገኝ መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል ዝቅ ያደርጋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2006 እ.ኤ.አ. ይህ በገብስ ምግብ ማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ ፈቅዷል። እኛ በሶና ቆሎ የምንለው ገብስ ማለት ነው። ተልባው፣ ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ጎመኑም አለ።

ሌላው ጨው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። እናቴ ጤና ጣቢያ «ጨው ቀንሺ» ተብላ ነበር፤ ቀነሰች። ወጡ ላይ ጨው መጨመር ተወች። ግን በርበሬው ወፍጮ ቤት ሲሄድ ጨው ገብቶበታል። ሽሮውም እንደዚያው። እሷ ጨው የተወች ሲመስላት፣ ጨው በየቀኑ በበርበሬውና በሽሮው ውስጥ ሆኖ ይመጣላት ነበር። ይህን ያየነው ከስትሮኩ በኋላ፣ እኔና እህቴ ቁጭ ብለን የምትበላውን አንድ በአንድ ስንጽፍ ነው። ዘንድሮ የእሷን በርበሬ ያለ ጨው አስፈጨን። ከሱቅ የሚገዛው የታሸገ ሽሮና በርበሬስ? እኔ ካገላበጥኳቸው ብዙዎቹ ስንት ግራም ጨው እንዳላቸው አይናገሩም። ዘይቱም ቢሆን፣ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሹ ገደማ ሳቹሬትድ የሚባለው ለልብ የማይበጅ ስብ ነው። ሰው የሚገዛው ርካሽ ስለሆነ ነው፤ በዚህ ማንንም አልወቅስም።

ስለ ጠርሙሱ ደግሞ ልንገራችሁ። ኦሜጋ 3 የዓሣ ዘይት ነው ይላል። ቫይታል የተባለው የአሜሪካ ጥናት ከ25 ሺህ በላይ ሰዎችን ለ5 ዓመት ያህል ተከታትሏል፤ ውጤቱ የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። በቀን 1 ግራም ኦሜጋ 3 የወሰዱትና ያልወሰዱት ሲነጻጸሩ፣ ሃርት አታክ፣ ስትሮክና በልብና በደም ሥር ሕመም መሞት አንድ ላይ ተቆጥረው ጉልህ ልዩነት አልታየም። ዓሣ መብላት ጥሩ ነው። ጠርሙሱ ግን አምሎዲፒንን አይተካም።

ከእናቴ በላይ የሚያሳስቡኝም አሉ። በአገራችን ብዙ ወጣቶች የልብ ሕመም የሚይዛቸው በኮሌስትሮል አይደለም። በልጅነት በአግባቡ ሳይታከም የቀረ የቶንሲል ሕመም ቫልቫቸውን፣ ማለትም የልባቸውን የደም በር ጎድቶት ነው። እነዚህ ልጆች በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋሉ። መርፌው ያማል፣ ቀጠሮው ይሰለቻል። «መርፌውን ተወው፣ ይሄን ዱቄት በማር ብላ» የሚል ሰው ሲመጣ ለአንድ የ16 ዓመት ልጅ ምንኛ ደስ እንደሚል አስቡት። ቫልቭ ተቀይሮላቸው ዋርፋሪን የሚባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስዱም አሉ። የነጭ ሽንኩርት እንክብል ከዋርፋሪን ጋር ሲደረብ ደም የመፍሰስ አደጋውን ሊጨምር ይችላል። ጎመን እንኳ ዛሬ ብዙ፣ ነገ ምንም ከሆነ የዋርፋሪኑን ልክ ያዛባል። «የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው ንግግር ለእነሱ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የምግብና የመድኃኒት ማስታወቂያን እንድትቆጣጠሩ ሥልጣን ሰጥቷችኋል። የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ የወጣው በዚሁ አዋጅ ነው። ሁላችንም አይተናል፤ ስትወስኑ ይሆናል። ስለዚህ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ሰፕሊመንት፣ ማለትም እንደዚህ ጠርሙስ ያለ አጋዥ እንክብል ሁሉ ይታገድ አላልኩም። «ግፊትን ያድናል፣ ክኒን ያስቀራል» እያሉ በቲክቶክና በቴሌግራም የሚሸጡትን ተከታተሏቸው። የሚሸጡት በድብቅ አይደለም፤ ስልካቸውን ቪዲዮው ላይ ጽፈው ነው።

እያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን፣ አንድ አሮጊት ያለ መነጽር በምታነበው ፊደል እንዲህ ይጻፍ፦ «ይህ መድኃኒት አይደለም። ሐኪም ያዘዘልዎትን መድኃኒት አያቁሙ።» የታሸገ ሽሮና በርበሬ ላይም የጨው መጠኑ በግራም ይቀመጥ። ከጤና ሚኒስቴር ጋር ስትገናኙ ደግሞ ይህን አንሱልኝ፤ እናቴ 11 ዓመት ስትመላለስ «ከዚህ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» ብሎ የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም።

ጠርሙሱ አሁንም እኔ ጋ ነው። 60 እንክብል ነበረው፤ 23 ቀርቷል። ሻጩ የላከላት የድምፅ መልእክትም ስልኳ ላይ አለ፤ «ይተዉት» የሚለው ጥርት ብሎ ይሰማል። ለምርመራ ከጠቀማችሁ ሁለቱንም ይዤ ቢሯችሁ እመጣለሁ። ቀኑን ብቻ ንገሩኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንዲት የደም ግፊት ታማሚ ልጅ
አዲስ አበባ