ስፖርት ገጹ ላይ ለዋናም ትንሽ ቦታ ስጡልን

ሰላም የጋዜጣው አዘጋጆች፣ እንደምን ከረማችሁ። እኔ ቨርጂኒያ የምኖር የቆየ አንባቢያችሁ ነኝ፣ ጋዜጣውን ከኋላ ከስፖርት ገጹ ጀምሬ ነው ማነበው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ለወሬም ለወቀሳም ነው፣ ወሬው ይቅደም።

ባለፈው ቅዳሜ የዘንድሮን የመጀመሪያ ትራያትሎን ሌክ አና የሚባል ሐይቅ ሄጄ ተወዳደርኩ። ለማያውቀው አንባቢ፣ ዋና፣ ሳይክልና ሩጫ ሳያርፉ አከታትሎ ነው፣ ኦሎምፒክ ላይ ያለው 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ሳይክል፣ 10 ሩጫ ሲሆን እኔ የገባሁት ግማሹን ነው፣ ስፕሪንት ይሉታል፣ 750 ሜትር፣ 20 እና 5። ስፕሪንት ይበሉት እንጂ እኔ እውነተኛ ስፕሪንት የሮጥኩት ከውድድሩ በፊት የሽንት ቤት ሰልፍ ለመያዝ ብቻ ነው።

ፖቶማክ ወንዝ አጠገባችን እያለ ለምን እዛ ድረስ ነዳህ ትሉ ይሆናል፣ ዲሲ ውስጥ ልዩ ፈቃድ ካልተገኘ በቀር ወንዝ ውስጥ መዋኘት ከ1971 ጀምሮ ክልክል ነው፣ ውሃው ስለቆሸሸ። ሌክ አና ደግሞ ተፈጥሮ ሐይቅ አይደለም፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኒውክሌር ማመንጫ ለማቀዝቀዝ ወንዝ ገድበው የሠሩት ነው። ባለቤቴ ይሄን የሰማች ቀን "ማታ ማታ ልታበራልን ነው?" ብላ ሳቀችብኝ፣ እኔም ማመንጫው ሙቅ ውሃ የሚለቅበት ክፍል በግድብ ተለይቶ ለብቻው ነው፣ እኛ የምንዋኝበት ፓርክ ያለው በቀዝቃዛው በኩል ነው ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ፣ እሷ ግን ቀልዱን ስለወደደችው ማስረጃዬን አልፈለገችም።

ልምምዱን የጀመርኩት በሁዳዴ ነው። ሌሊት ኡበር ነድቼ ስጨርስ ሪክሪዬሽን ሴንተሩ 11 ሰዓት ላይ ሲከፈት ገንዳ እገባለሁ፣ ሆዴ ባዶ ነው፣ ከዛ ቤት ገብቼ እተኛለሁ። ሰው በጾም እንዴት ይቻላል ይለኛል፣ እኔን የከበደኝ እኮ ከፋሲካ በኋላ ነው፣ እንደምታውቁት ሃምሳው ቀን ረቡዕና አርብም የለም፣ የዶሮው የክትፎው ነገር ተደማምሮ ዌትሱቱ፣ ለዋና የሚለበሰው ጥብቅ የጎማ ልብስ፣ ዚፑ አልዘጋ አለኝ፣ ልጄ ናት ጉልበቷን ጀርባዬ ላይ ተክላ ጎትታ የዘጋችው።

እንግዲህ ውሃው። እኔ ያደኩት ደብረ ዘይት ነው፣ ሆራ ሐይቅ ከሰፈራችን ብዙ አይርቅም፣ ግን "ሆራ በዓመት አንድ ሰው ካልወሰደ አይተኛም" እየተባልን ነው ያደግነው፣ እግሩን ነክሮ የተያዘ ልጅ ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ወላጆቻችንን አልፈርድባቸውም፣ እነዛ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ናቸው፣ ከዳሩ ትንሽ እንደራቅክ እግርህ መሬት አያገኝም። ብቻ እንደዛ እየተባልን አድገን 38 ዓመቴ ላይ ከልጄ ጋር አንድ ገንዳ ውስጥ ነው ዋና የተማርኩት፣ እሷ 6 ዓመቷ ነበር፣ እሷ በሁለት ወር ጨረሰች እኔ ግን ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ዘንድሮ አራተኛ ሲዝኔ ነው፣ አሁንም የመጀመሪያው ውድድር ላይ የመጀመሪያው 200 ሜትር ላይ ያው ነገር ይመጣብኛል፣ ውሃው ጥቁር ነው፣ እጅህን አታይም፣ የሰው እግር ፊትህን ይመታሃል፣ ዌትሱቱ ደረትህን ጨምቆ ይይዛል፣ ትንፋሽ ያጥርሃል። ምን አደረኩ መሰላችሁ፣ ዋናተኛ የሚጠብቁበትን ትንሽ ጀልባ፣ ካያኩን፣ ይዤ ቆምኩ። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ካያክ ወይ ቡይ (ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ምልክት) ይዞ ማረፍ ይፈቀዳል፣ ይዘኸው ወደፊት እስካልሄድክ ድረስ አትባረርም። ካያኩ ላይ ያለው ልጅ "ቴክ ዩር ታይም" አለኝ፣ ጊዜህን ውሰድ ማለቱ ነው፣ በሱ ቤት ቀልዶ ሞቷል፣ እኔም ወሰድኩት፣ አንድ ደቂቃ ያህል።

22 ደቂቃ ፈጅቶብኝ ወጣሁ። እዚህ አገር ውድድር ላይ ዕድሜህን ባትህ ላይ በማርከር ይጽፉታል፣ ከፊቴ ወደ ዳር የወጣችው ሴትዮ ባቷ ላይ 67 ይላል። ስልሳ ሰባት! ሮጬ እንኳን ትራንዚሽን ላይ፣ ሳይክሉ የሚቀመጥበት ቦታ ማለት ነው፣ አልደረስኩባትም፣ ሄልሜቷን አስራ ሳይክሏን ይዛ ሄዳለች።

ሳይክሉ ላይ ብዙ የማወራው የለም። አምና ጠርሙሴ ውስጥ በሶ በማር በጥብጬ ይዤ አፉ ተደፍኖብኝ በጥርሴ ስታገል ነበር፣ ዘንድሮ አጥልዬ ቀጠን አርጌ ያዝኩ፣ ሠራ። ሴትዮዋን 12ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አለፍኳት፣ "ጉድ ጆብ!" አለችኝ፣ አፈርኩ።

ሩጫው ላይ ግን አገር ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ። መጀመሪያ ከሳይክል ስትወርድ እግርህ የሌላ ሰው እግር ነው ሚመስለው፣ አንድ ኪሎ ሜትር ካለፈ በኋላ ግን መጣልኝ፣ አንድ በአንድ ለቀምኳቸው፣ 5ቱን በ21 ከ40 ጨረስኩ፣ ለ43 ዓመት የኡበር ሹፌር አትናቁት። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ውሃ ውስጥ ያጠፋሁትን ሩጫው አልመለሰልኝም፣ ከዕድሜ እኩዮቼ መሃል ላይ ነው የቀረሁት።

ወቀሳዬም እዚህ ላይ ነው። በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ ስለ ታምራት ቶላ ማራቶን ሙሉ ገጽ ጻፋችሁ፣ ይገባዋል፣ ቆርጬ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። የሴን ወንዝ ቆሽሾ የወንዶቹ ትራያትሎን በአንድ ቀን መገፋቱን፣ አሌክስ ዪ ደግሞ መጨረሻው ጋ ኒውዚላንዳዊውን ቀድሞ ወርቅ መውሰዱን ግን አንድ መስመር አልጻፋችሁም። ይሄ እንግሊዛዊ 10 ሺ ሜትር በ27 ደቂቃ ከ51 የሮጠ ልጅ ነው። እኛ አገር በዛ ሰዓት ብሔራዊ ቡድን ቀርቶ ማን ዞር ብሎ ያይሃል? ስንት ልጅ አለን እሱን ሩጫው ላይ ሚያስጨንቅ፣ ግን ከውሃው አይወጣማ። ኦሎምፒኩ ላይ ደግሞ ሳይክሉን ከሌላው ጀርባ ከንፋስ ተከልሎ በቡድን መንዳት ስለሚፈቀድ ከመጀመሪያው ቡድን ጋር ከውሃ ካልወጣህ ነገሩ ብዙውን ጊዜ እዛው ያበቃል፣ እግርህ ምንም ቢሆን።

ኦሎምፒኩ እንኳን ይቅር። በጋ በመጣ ቁጥር ሐይቅ ዳር ለባርቤኪው የምንወጣ እኛ፣ ሥጋውን ጠብሰን ቡናውን አፍልተን ልጆቹን "እንዳትገቡ!" ስንል ነው ምንውለው። "የሀበሻ አጥንት ከባድ ነው ይሰምጣል" የሚለኝም ጓደኛ አለኝ፣ ማስተርስ ያለው ሰው ነው። እና የትኛው ካውንቲ ለአዋቂ ጀማሪ ዋና እንደሚያስተምር፣ ለሴቶች ብቻ ሰዓት ያለው ገንዳ የት እንዳለ በየወሩ በአንድ ጥግ ብታወጡልን ምን አለበት? ከማስታወቂያው ከኪራይ ቤቱ አጠገብ ትንሽ ቦታ አይጠፋም መቼም።

ቀጣዩ ውድድሬ ሐምሌ ላይ ነው። መሞከር የሚፈልግ አንባቢ ካለ አድራሻዬ እናንተ ጋ አለ፣ ትርፍ ዌትሱት አለኝ፣ ሚዲየም ነው፣ ዚፑ ትንሽ ያስቸግራል።

አንባቢያችሁ፣ ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ