የጋራዥ አፈር የት ይደፋል?

ክቡር አዘጋጅ፣

መሀል ከተማው እየፈረሰ እየተሠራ ነው። ብዙ ጋራዦችም ከቦታቸው ተነስተዋል። አንድ ነገር ግን ሲነሳ አልሰማሁም። ለዓመታት የተቃጠለ ዘይትና ናፍጣ ሲጠጣ የኖረው አፈር በገልባጭ ተጭኖ የት ነው የሚደፋው?

አፈሩን የሚያውቀው ያውቀዋል። በአካፋ ጫር ሲያደርጉት ያብለጨልጫል። ውሃ ቢያፈሱበት አይሰርግም፣ ላዩ ላይ ድቡልቡል ብሎ ይንከባለላል። ሰው ታዲያ አሸዋ ደልድሎበት ያልፋል።

አፈሩን እንዲያጸዱ ዘይት የሚበሉ ባክቴሪያዎች ከውጭ ይምጡ የሚሉ አሉ። ምን አስቸኮለን? እዚሁ እግራችን ስር ሞልተዋል። አንታርክቲካ እንኳ ናፍጣ የፈሰሰበት አፈር የጸዳው በአገሩ ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ማድሪድ ላይ የተፈረመው የአንታርክቲካ አካባቢ ጥበቃ ስምምነት የውጭ ተሕዋስያንን እንዲሁ ማስገባት ይከለክላል። ስለዚህ አውስትራሊያውያን ኬሲ በተባለው ጣቢያቸው የተበከለውን አፈር ቆፍረው ውሃ በማያሳልፍ ምንጣፍ ላይ ከመሩት። ማዳበሪያ ጨመሩበት፣ በቱቦ አየር ሰጡት። እነ ሱዶሞናስና ሮዶኮከስ የተባሉት ዘይት በል ባክቴሪያዎች በብርድም ይሠራሉ፣ ዝግ ይላሉ እንጂ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ ፍጥነታቸው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። አፈሩ በረዶ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ያቆማሉ ማለት ይቻላል።

የአዲስ አበባ አፈር በኅዳር ቁርም በረዶ አይሆንም። የኛ ባክቴሪያዎች ያጡት አየርና ምግብ ነው። መሬቱ በጎማ ተረግጦ ደርቋል፤ ናይትሮጅንና ፎስፈረስም ያንሰዋል። ተቆፍሮ ይከመር፣ ሰጋቱራ ይቀላቀልበት፣ ዩሪያና ዳፕ ትንሽ ጣል ይደረግበት። ማዳበሪያው ከበዛ እንደ ጨው ሆኖ ይጎዳቸዋል። ከዚያ እርጥበቱን እየጠበቁ አሁንም አሁንም መገልበጥ ነው። ሸራ ግን የግድ ነው፤ አለዚያ የሐምሌ ዝናብ ጠርጎ ባንተይቀጡ ወንዝ ይከተዋል።

ሁሉንም ያጸዳል አልልም። ናፍጣ ቶሎ ይበላል፣ የሞተር ዘይት ያስቸግራል። የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ያለውን ዚንክና እርሳስ ደግሞ ባክቴሪያ አይበላውም። ስለዚህ ያ አፈር ጎመን አይተከልበትም።

የሚመለከተው አካል ጋራዥ ሲያስነሳ አፈሩንም ይቁጠረው። መጀመሪያ ናሙና ይወሰድ፣ ከዚያ ከወንዝ ራቅ ያለ የክምር ቦታ ይሰጠው። ባዶ ቦታ እንደሆነ ዘንድሮ አልጠፋም።

አንድ መካኒክ፣ ከተክለ ሃይማኖት