ከደላላ አትግዛ ብዬህ አልነበር?

አባዬ እንዴት ሰነበትክ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ ደብረ ማርቆስ ዝናቡ ገና አልያዘልንም፣ ላሚቱ ወልዳለች። አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የአክስትህ ልጅ ነገረችኝ፣ ለፋሲካ ከሊድስ ለንደን ስትሄድ ለባቡር ከ90 ፓውንድ በላይ ከፈልክ አሉ፣ ያውም በዋዜማው፣ ያውም መሀል ገብቶ ኮሚሽን በሚበላ አፕ። በብር ስመታው እንቅልፍ አጣሁ። አንተ ልጅ፣ ከደላላ አትግዛ!

ፋሲካ መቼ እንደሚውል ባሕረ ሐሳቡ ከዓመት በፊት ይነግርህ የለ እንዴ፣ ዲያቆን አይደለህ? አድቫንስ የሚሉት ትኬት ወደ 12 ሳምንት ቀደም ብሎ ይለቀቃል፣ ርካሹ ቶሎ ያልቃል አለችኝ። ደሞ የዚያ መስመር ባቡር ድርጅት፣ ኤልኤንኢአር ነው መሰለኝ ያለችኝ፣ የራሱ አፕ አለው፣ እዚያ ስትቆርጥ የአገልግሎት ምናምን ብሎ አይጨምርብህም። ያኛው ግን ያንኑ ትኬት ፓውንድ ሁለት ፓውንድ ለጥፎ ይሸጥልሃል። «ምን አላት» ትለኛለህ አውቅሃለሁ፣ አባትህም ነፍሱን ይማረውና «ምን አላት» እያለ ነው በሬውን የሸጠው።

ሬልካርድ የሚሉትን የባቡር ቅናሽ ካርድስ ለምን አላወጣህም? 26 እስኪሞላህ ይሰጡሃል፣ ለዓመት 35 ፓውንድ ነው፣ ከትኬቱ ሲሶውን ያነሳልሃል። ሲሶ መቼም አይጠፋህም፣ አያትህ ዕድሜውን ሙሉ ሲሶ እየሰፈረ ነው የሰው መሬት ያረሰ። እኔ አስልቼዋለሁ፣ የ105 ፓውንድ ትኬት ከገዛህ ካርዱ ዋጋውን መለሰ።

የምጨቀጭቅህ ወድጄ አይደለም አባዬ። አንተ አታስታውስም፣ ጀርባዬ ላይ ነበርክ። እምዬ ታማለች ተብዬ ከአዲስ አበባ ልነሳ አውቶብስ ተራ ብሄድ ሰልፉ አያልቅም፣ አንዱ ካፖርት የለበሰ ልጅ «ማርቆስ ነሽ እናቴ? ምን አሰለፈሽ» ብሎ 10 ብር አስጨምሮ ትኬት ሰጠኝ። ሌሊት 11 ሰዓት ብመጣ ወንበሬ ላይ ሰው ተቀምጧል። ትኬቱን በባትሪ ሲያዩት የትናንት ነው፣ ቀኑ በእስክሪብቶ ተደልዟል። ተመልሼ ተሰልፌ በማግስቱ ሄድኩ። ዓባይን ስንወርድ ከጎኔ የነበሩ ሴትዮ ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ፣ ደጀን ወርጄ ሻይ ጠጣሁ፣ ምኑንም ሳላውቅ፣ ስደርስ እምዬ ከተቀበረች አድራለች። አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። ያን ሰልፍ ብቆመው ኖሮ እላለሁ፣ እስከዛሬ እላለሁ።

በል ከደላላ አትግዛ። ስልክህን ሳትሞላ እንዳትወጣ፣ ትኬቱም ካርዱም እሱ ላይ ከሆነ ባትሪው ሲያልቅ ያለ ትኬት እንደተሳፈርክ ነው የሚቆጥሩህ። ለመስቀል የምትሄድ ከሆነ ቀኑ እንደሆነ አይቀየር፣ ሲለቀቅ ጠብቀህ ከራሱ ከባቡሩ ቁረጥ። በርበሬውን በሰው ልኬልሃለሁ፣ የአክስትህ ልጅ ጋ አለ፣ ላስቲኩን ደርብበት፣ አለዚያ በጠረኑ ባቡሩን ሙሉ ታስነጥሳለህ። ስትደርስ ሚስኮል አድርግልኝ።

እናትህ